የመሸበት መኪና

ጎሕ ሳይቀድ ተነሣ ኑረቲን ከቶካት፣
ነርሚን ወንድ ወልዳ፣ ሳምንት ሊሞላት።
ከኋላ ወንበር ላይ የሕፃን አልጋ አለ፣ ራሱ የጠረበው፤
በጨው የታሸገ የወይን ቅጠል አለ፣ ሳፊዬ ያቀፈችው።
ሬኖዋ አሮጌ ናት፣ ከነርሚን ትበልጣለች፣
ዳገት ባየች ቁጥር ሰበብ ትፈልጋለች።
ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አብረው ሲነዱ
ባልና ሚስት አንዴም አልተጣሉ በመንገዱ፤
ጠቡ የጀመረው ከደረሱ ወዲያ ነው።

ኢስታንቡል ላይ መሸ።
ቤቱ አልጠፋቸውም፤ አራተኛው ፎቅ ላይ መብራቱ በርቷል፣
መጋረጃ ተገልጦ አንድ እጅ ይታያል፣
«ኑ» ይላል።
በምን ይምጡ? በግራ መኪና፣ በቀኝም መኪና፣
ግማሹ አስፋልት ላይ፣ ግማሹ ሽቅብ ወጥቶ በእግረኛ ጎዳና፣
አፍንጫና ጭራ ተነካክተው ቆመው፣
እንደ ገበያ በግ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው።
ክፍተት ያገኘ መስሎት ልቡ ዘሎ ሲቀርብ
የላስቲክ በርሜል ነው፣ ወይ የአበባ ማሰሮ፣ ወይ ወንበር ጉብ!

ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ሰባት ጊዜ ዞረ።
ያው መድኃኒት ቤት፣ ያው ጸጉር አስተካካይ፣ ሱቁን ሊዘጋ የነበረ፤
በዘጠነኛው ዙር የሰፈሩ ድመት ለየችው፣
እንደ ጎረቤት ቆማ አየችው።

«እዚያ ጋ!»
«የጋራዥ በር ነው።»
«እዚህስ?»
«መቆም ክልክል ይላል።»
«እኔ አላየሁትም።»
«ፖሊስ ያየዋል።»
«እንግዲያ ዝም ልበል።»
ዝም አለች። ዝምታዋ ከክላክስ በለጠ።

የክፍያ ማደሪያውን ጠባቂ ቢጠይቀው፣
«ሞልቷል» አለ ልጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል፤ «ባይሞላም ለአንድ ሌሊት ዋጋው ይኸው ነው።»
ኑረቲን ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበው፤
በዚህ ገንዘብ ቶካት ሰው አልጋ ይዞ ያድራል፣
ጠዋት ሾርባ ይጠጣል፣ መልስም ይቀበላል።

ድሮ፣ መንገደኛ ከመሸበት፣
«የእግዜር እንግዳ» ሲል በሰው ደጅ ቆሞበት፣
«ቤት የእግዜር ነው» ብለው ያስገቡት ነበረ፤
በቅሎዋም ከአጥሩ ሥር ገለባ አግኝታ ታድር ነበረ።
ቤቱስ የእግዜር ነው፤
መንገዱ የማን ነው?

ሳፊዬ ማሰሮዋን ታቅፋ ወረደች ከደጁ፣
«አንተ ዙር» አለችው፣ «እኔስ ናፈቀኝ ልጁ።»

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከምድር ቤት መስኮት ሥር፣
አንድ ቦታ አገኘ፣ መሀሉ ላይ ወንበር።
መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሙአላ የሚሏት መበለት ታጨሳለች፣
«ለማን ነው የያዙት?» ቢላት፣
«ለፀሐይ» አለች።
«መኪና ከቆመ ቤቴ ይጨልማል፣
በጠራራ ቀትር አምፖሌ ይበራል።»
ጭሷን ወደ ጨረቃ ለቀቀች፣ አሰበችና፣
«ጨለማውን ውሰድ፣ አይጠቅመኝምና፤
ጎሕ ሲቀድ ግን ንዳት፣ አላውቅም ልመና።»

ወንበሯን አነሣ፣ ሬኖዋን አስገባት፣
ወደ ፊት አንድ ጋት፣ ወደ ኋላ አንድ ጋት።
ወደ ላይ ግን አልወጣም። ካቀፈ ሕፃኑን፣
ፍራሽ ካገኘማ፣ መች ሊነቃ ጎሑን?
ቃል አለበትና፣ ኮቱን ተከናንቦ
እመሪው ሥር ተኛ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ።

ሊነጋጋ ሲል መስታወቱ ተንኳኳ፤
አያቱ ባይወጣ፣ ባለቤቱ ራሱ ወርዷል ለካ።
ሳፊዬ አቅፋዋለች፤ አማቹ በፒጃማ ሻይ ይዟል፤
ነርሚን በሸበጥ ናት፣ ደረጃው አድክሟታል።
ሕፃኑን ከኋላ፣ በአልጋው አስተኙት፣
እነሱም ገቡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።
ሻዩ መስታወቱን በላብ ሸፈነው።
አውራ ጣቱን ሰጠው፤ ልጁ ጨበጠው።

ፀሐይ ወጣች። ማንም ልብ አላለም።

ሙአላ መስኮቱን በርግዳ ከፈተች፣
ቃሏን አዘጋጅታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች፣
ወደ መኪናው ውስጥ አየች።
አየች።
መጋረጃዋን መለሰች፣ አምፖሏን አበራች።

ወንበሩ እግረኛው መንገድ ላይ እንደቆመ ነበር፤
ድመቷ ወጥታ ተኛችበት።